«ኬ2» የሚለው የተራራ ስም ምን ማለት ነው?

በፓኪስታንና በቻይና ድንበር ላይ የሚገኘው፣ 8,611 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ «ኬ2» ይባላል። ከኤቨረስት ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛው ረጅም ተራራ በመሆኑ ብዙ ሰው ቁጥሩን የከፍታ ደረጃ አድርጎ ይረዳዋል፤ ሆኖም የሁለቱ መገጣጠም አጋጣሚ ብቻ ነው።

በ1856 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ግዛት ሥር የነበረችውን ሕንድ ይቀይስ የነበረው ቶማስ ሞንትጎመሪ፣ በካሽሚር ከሚገኘው ከሃራሙክ ተራራ ላይ ሆኖ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ጎልተው የታዩትን ሁለት ጫፎች በእጁ ነድፎ «ኬ1» እና «ኬ2» የሚል ምልክት ሰጣቸው። «ኬ» የካራኮራም ሰንሰለት መነሻ ፊደል ስትሆን፣ ቁጥሩ የምዝገባ ተራ ነው። ኬ1 የተባለው ተራራ ከፍታ 7,821 ሜትር መሆኑ ይህንን በግልጽ ያሳያል።

የቅየሳው ደንብ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ከተገኘ ምልክቱ ቀርቶ ያ ስም እንዲጻፍ ነበር፤ ስለዚህ ኬ1 ማሸርብሩም ተባለ። ኬ2 ግን ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ካለው ከመጨረሻው መንደር ከአስኮሌ አይታይም፤ ከባልቶሮ የበረዶ ግግር ጀርባ ተሰውሮ ስለሚገኝ በሰፊው የሚታወቅ ስም አልተገኘለትም። በአካባቢው በሚነገረው በባልቲ ቋንቋ «ትልቅ ተራራ» የሚል ትርጉም ያለው «ቾጎሪ» በኋላ ቢቀርብም እምብዛም አልተለመደም። በቀያሹ በጎድዊን ኦስተን ስም ለመጥራት የቀረበውንም ሐሳብ የብሪታንያ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ሳይቀበለው ቀርቷል፤ በእኔ እምነት ውሳኔው ተገቢ ነበር። ዛሬ የባልቲ ሰዎች ራሳቸው ምልክቱን እንደ አንድ ቃል አድርገው «ኬቱ» ይሉታል።