«በስንት ዓመት ይመልሳል?» ነገሩ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ የሚከራይ ቤት ልትገዙ ከደላላ ጋር ከወጣችሁ ካርታውን ሳታዩ የምትሰሙት ቃል «ይመልሳል» ነው። «አቦ፣ ይሄ ቤት በአስራ ምናምን ዓመት ይመልሳል!» ማለትም ቤቱ የተገዛበትን ብር በኪራይ መልሶ ለመሙላት ያን ያህል ዓመት ይፈጅበታል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የግዢውን ዋጋ ለዓመት ኪራይ ማካፈል።

4 ሚሊዮን ብር የተጠራበት ቤት በወር 20,000 ይከራያል እንበል። በዓመት 240,000 ነው። ሲካፈል አስራ ሰባት ዓመት ገደማ ይመጣል። ደላላው እዚህ ጋ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

እናንተ ግን ቀጥሉ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር 20,000 ሄደ። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለቆርቆሮ 25,000 ያዙ። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ፣ እንደ ገቢው መጠን እስከ 35 በመቶ የሚደርስ፤ ለምሳሌው ያህል 35,000 ብር እንበለው። የሚተርፈው 160,000 ነው። አሁን 4 ሚሊዮኑን ለዚህ አካፍሉት፤ 25 ዓመት። ብራችሁ በዓመት 4 በመቶ እያስገባ ነው ማለት ነው፣ ባንክ ደግሞ ለተራ ቁጠባ እንኳ ቢያንስ 7 በመቶ ያስባል። እርግጥ ባንክ የተቀመጠውን ብር የኑሮ ውድነት ይበላዋል፣ ቤት ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ቤት አትግዙ እያልኩ አይደለም። ግን ዋጋው ይጨምራል ብሎ መግዛትና ኪራዩ ይመልሳል ብሎ መግዛት ለየቅል ናቸው፣ ደላላ ደግሞ ሁለቱን አደባልቆ ነው የሚሸጥላችሁ።

«ምን ችግር አለው፣ ኪራዩን እጨምራለሁ» የሚል አይጠፋም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ውሉን ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል፣ ቅድመ ክፍያውን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ከልክሏል፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው የመንግሥት አካል በሚያሳውቀው ልክ ነው።

ሌላው ነገር ሰፈሩ ነው። ባለፈው ሳቢያን አንድ ቤት ላይ ሄድኩ። ሆን ብዬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሄድኩት፣ ምክንያቱም የድሬን ቤት በጠዋት ያየ ሰው ቤቱን አላየውም። ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ከላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ቧንቧውን ስከፍተው ፊሽ አለና ዝም። ደላላው «ዛሬ ፈረቃ ስላልሆነ ነው» አለኝ። ጎረቤት በር ላይ ግን ጀሪካን ተደርድሯል። «እማማ፣ ውሃ በስንት ቀን ትመጣለች?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሮቶ ግዛ» አሉኝ። የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ያሉት እዚያው ሳቢያን መሆኑ ነው የሚገርመው! ውሃው ስትመጣም ካልሲየሟ ብዙ ነው፣ ቧንቧውን በነጭ ቅርፊት ትደፍነዋለች። ስለዚህ ያ 25,000 ጥገና ለድሬ ጥቂት ነው፣ ሮቶና ማቆሚያው ደግሞ ከግዢው ዋጋ ላይ ይደመራሉ።

ከዚራ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ጥላው ደስ ይላል፣ ዛፉ ብቻ ያስገዛል። ግን በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ፣ እስከ ዛሬ የመንግሥት ሆኖ የቀረ ቤት ስላለ ካርታውን ከከተማው አስተዳደር ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ።

ደቻቱ ዳር ርካሽ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ለምን እንደረከሰ እወቁ። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ገበያ ይቆምበታል። ዝናቡ ግን የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፣ ድሬ ሳይዘንብ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እዚያ ሰፈር ቤት ስታዩ ጣሪያውን ተዉትና ግድግዳውን ከወገብ በታች እዩት። የታችኛው ቀለም ከላይኛው አዲስ ከሆነ፣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ።