ከዜናው ግርጌ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ስድብና አንባቢ ለዜና ያለው አመለካከት

አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራዩ በሚያነቡበት ጊዜ፣ በዜናው የተናደደ ሰው ንዴቱን የሚያወጣው አጠገቡ ለተቀመጠው አንባቢ ነበር። ፊት ለፊት ስለሚተያዩም ቃሉን ይመጥናል። ዜና ወደ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ከተሻገረ ወዲህ ግን ንዴቱ ከዜናው ግርጌ ተጽፎ ይቀመጣል። ብዙ አንባቢም አርዕስቱን አይቶ በቀጥታ ወደዚያው ይወርዳል፤ ዜናው እውነት ይሁን ሐሰት የሚፈርደው ከኮመንቱ ነው።

አንድ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ዜና እንውሰድ። የመጀመሪያው አስተያየት «ፈጣሪ ይድረስልን» ይላል። ሁለተኛው ዜናውን ያሠራጨውን ጣቢያ ውሸታም ይለዋል። ሦስተኛው ለሁለተኛው ሲመልስ ዘሩን ከስሙ ይገምትለታል። ከዐሥረኛው መስመር በኋላ ስለ ነዳጅ የሚያነሣ አይገኝም። ከአዲስ አበባ የጀመረው ጠብ ሌሊቱን ዋሽንግተን ያሉት ይቀጥሉታል።

ስድቡ የአማርኛን ሰዋስው ሳይቀር ይጠቀማል። መንገድ ላይ ቢያገኙት «እርስዎ» የሚሉትን አዛውንት እዚህ «አንተ» ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ባይከፋ እንኳ ክብሩ በአንዲት ተውላጠ ስም ተገፍፏል። ጋዜጠኛዋ ሴት ስትሆን ደግሞ የሚተቸው ዘገባዋ ሳይሆን መልኳ፣ አለባበሷና ትዳሯ ነው።

ስድብና የጥላቻ ንግግር ግን አንድ አይደሉም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች «መቻቻል» በተባለ ጥናት በፌስቡክ የተጻፉ ከ13 ሺህ በላይ ጽሑፎችን መርምረው ነበር። በጥላቻ ንግግር የተመደበው 0.7 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛውም የመጣው ብዙ ተከታይ ካላቸው ሳይሆን ከተራ አስተያየት ሰጪዎች ነበር። ጥናቱ ከኋለኞቹ ዓመታት ጦርነት በፊት ስለተሠራ ቁጥሩን ለዛሬ መጥቀስ አይቻልም።

ስድቡ ከተሰዳቢው አልፎ ዜናውንም ይነካል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ጥቃቅን ቁሶችን ስለሚጠቀመው ናኖ ቴክኖሎጂ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ለ1,183 ሰዎች አስነብበው ነበር። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ሲሆን ግርጌው ግን ለአንዳንዱ በጨዋ፣ ለአንዳንዱ በተሳዳቢ አስተያየት ተሞልቷል። ስድቡን ያነበቡት ስለ ቴክኖሎጂው አደጋ የነበራቸው አቋም ይበልጥ ተራራቀ። ፖፑላር ሳይንስ የተባለው መጽሔት ይህን ጥናት ጠቅሶ፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2013 የአስተያየት መስጫውን ዘጋ። በኛ አገር ይህን የሚደፍር ጣቢያ ብዙ ተመልካች የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ጠቡም ራሱ ተመልካች ይጠራል።

ቁጥጥሩ ከባድ ነው። ማሽን የተከለከለ ቃል ቢለቅም ተሳዳቢው በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ይከታል፤ «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» ይለውጣል። ሽሙጥና ቅኔ ሲመጣማ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ራሱ ደጋግሞ ማንበብ ይኖርበታል።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥላቻን የሚተረጉመው ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘር፣ ከጾታና ከአካል ጉዳት ጋር አያይዞ ነው፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ካልተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ማንሣት አለባቸው። ሐሰተኛ መረጃን በሚመለከት ቅጣቱ የሚከብደው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ነው። በስሙ ምትክ «የእናቴ ልጅ»፣ በፎቶው ምትክ ጽጌረዳ ያደረገው ተሳዳቢ ግን ተከታዮቹ ዐሥራ አንድ ናቸው።