ዱሎ ምንድን ነው?

ዱሎ የገዢ ቤተሰብ ስም ነው። ቡልጋሪያን የመሠረቱት ካኖች (ማለትም ነገሥታት) ከየት መጡ፣ ቱርክ ናቸው (የዛሬዋ የቱርክ አገር ሰዎች ማለት ሳይሆን ከቱርክ ቋንቋዎች ወገን)፣ ሁን ናቸው፣ ወይስ ከኢራን ወገን ናቸው የሚለው ክርክር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህች አጭር ቃል ላይ ነው። እኔ ከክርክሩ በፊት ጽሑፉን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጽሑፉ የቡልጋር ካኖች የስም ዝርዝር ይባላል። በጣም አጭር ነው። አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባለ የሩሲያ ምሁር በ1861 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሮጌ የስላቭ ዜና መዋዕል ውስጥ አገኘው። እንዲህ ይላል፦ አቪቶሆል 300 ዓመት ኖረ፣ ዘሩ ዱሎ፣ ዓመቱ ዲሎም ትቪሬም። ኢርኒክ 150 ዓመት ኖረ፣ ዘሩ ዱሎ፣ ዓመቱ አሁንም ዲሎም ትቪሬም። ቀጥሎ ጎስቱን 2 ዓመት፣ ኩርት 60፣ ቤዝመር 3። ደምሩት፣ 515 ይመጣል። ጽሑፉም እነዚህ አምስቱ ራሳቸውን ተላጭተው ከዳኑብ ወንዝ ማዶ 515 ዓመት ገዙ ይላል። ከዚያ ኢስፐሪህ፣ ማለትም አስፓሩህ፣ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ከጎስቱን በቀር ሁሉም ዱሎ ናቸው።

300 ዓመት የሚኖር ሰው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ወደ አፈ ታሪክ ያደላሉ። ብዙዎች ኢርኒክን የሁኖቹ ንጉሥ የአቲላ የመጨረሻ ልጅ ኤርናክ ነው ይላሉ። በ449 አቲላ ዘንድ በመልእክት የሄደው ግሪካዊው ፕሪስኮስ ይህን ልጅ ግብዣ ላይ አይቶታል። አቲላ ለማንም ፊቱን ሳይፈታ ቆይቶ ኤርናክ ሲገባ ግን በፍቅር ዓይን እያየ ጉንጩን ጎተት አደረገው፤ ዘርህ ይወድቃል፣ በዚህ ልጅ ግን መልሶ ይነሳል ብለው ጠንቋዮች ነግረውት ነበርና። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ኢርኒክና ኤርናክን አንድ የሚያደርጋቸው ግን የስም መመሳሰል ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ባንጭንበት ጥሩ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዲሎም ትቪሬም የሚሉትን እንግዳ ቃላት መጀመሪያ ማንም አልተረዳቸውም ነበር። በ1905 ቻታላር በምትባል መንደር (ዛሬ ካን ክሩም ትባላለች) የካን ኦሙርታግ የድንጋይ ዓምድ ተገኘ። ላዩ ላይ በግሪክኛ ስለ ግንባታው ተጽፏል፣ መጨረሻው ላይም የተሠራበት ጊዜ በቡልጋሮቹ ሲጎር ኤሌም፣ በግሪኮቹ 15ኛው ኢንዲክቲዮን ይላል። ኢንዲክቲዮን የሮማውያን የ15 ዓመት ዑደት ነው፣ እዚህ ላይ 821/822 ይሆናል። ሲጎር ደግሞ በሬ ወይም ላም ማለት ነው፤ የዛሬው ቱርክኛ እንኳ ለከብት የሚቀርበውን ቃል ይዟል። በቻይናዎችና በቱርኮች ዘንድ በሚታወቀው የ12 እንስሳት አቆጣጠር 821 የማን ዓመት ነው? የበሬ! ይህን መጀመሪያ ሳነብ ራሴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 2009 የበሬ ዓመት ነበር፣ ከዚያ በ12 በ12 ወደ ኋላ ብትሄዱ 821 ላይ ታርፋላችሁ። በዚሁ መንገድ በስም ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ዲሎም እባብ፣ ድቫንሽ ጥንቸል መሆናቸው ተለየ። ሁለተኛው ቃል ተራ ቁጥር ነው፣ አብዛኞቹ ወሩን ያመለክታል ይላሉ። ለዚህ ቋንቋ ዛሬ በሕይወት ያለው የቅርብ ዘመድ በቮልጋ አካባቢ የሚነገረው ቹቫሽኛ ነው።

እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ ዓመት የሚቆጥረው ከቱርክ ቋንቋዎች በአንዱ ነበር። ይህ ጠንካራ ነው። የዱሎ ደም ከየት ተቀዳ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የቻይና መዛግብት ከምዕራብ ቱርኮች መካከል ዱዎሉ የሚባል የጎሳዎች ክንፍ ይጠቅሳሉ፣ ዱሎ ከዚያ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱም መላምት ነው። ሰዎች ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው የሚጣሉት።

ዱሎ በ8ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሴቫር ጋር ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ስላቭኛ ተናጋሪ ሆነ። በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ኩማን በሚባሉ ሌላ ቱርክኛ ተናጋሪ ዘላኖች በኩል ተመልሶ መጥቷል። በ1185 አካባቢ በባይዛንታይን ላይ የተነሳው አሰን፣ በ1280 ዙፋን የያዘው ጊዮርጊስ ቴርተር፣ የዋላኪያው (በዛሬዋ ሩማኒያ) ገዢ ባሳራብ፣ ሁሉም ስማቸው የኩማን ነው ይባላል። ለቴርተር አብዛኞቹ ይስማማሉ። የአሰንን ወገኖች ግን የዘመኑ ግሪኮች ቭላህ (ከላቲን የመጣ ቋንቋ የሚናገሩ የባልካን ሰዎች) እያሉ ነው የጻፏቸው።

ጉዳዩ ለቡልጋሪያውያን ቀላል አይደለም። በ1984 እና 1985 የቡልጋሪያ መንግሥት የቱርክ ተወላጅ ዜጎቹን በግድ ስማቸውን አስቀይሯል፣ በ1989 ከ300 ሺህ በላይ ሰው አገር ጥሎ ወጥቷል። ቱርክ የሚለው ቃል እዚያ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ ኩርት ልመለስ፣ ምክንያቱም እኛን የሚነካው እሱ ነው። ኩርት ማለት ኩብራት ነው፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ታላቋን ቡልጋሪያ ያቋቋመው፣ የአስፓሩህ አባት። በ1912 ዩክሬን ውስጥ ፖልታቫ አጠገብ ከ20 ኪሎ በላይ ወርቅ ያለው ሀብት ሲወጣ፣ ቀለበቶቹ ላይ በግሪክ ፊደል ተቆላልፎ የተቀረጸው ስሙ መሆኑ በኋላ ተነበበ። ልጅነቱስ? እሱን የምናገኘው በግዕዝ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው የግብጹ ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ፣ ይህ የሁኖች አለቃ በልጅነቱ በቁስጥንጥንያ ተጠምቆ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳደገ፣ ከባይዛንታይኑ ንጉሥ ሄራክልዮስ ጋርም ጽኑ ወዳጅነት እንደነበረው ይነግረናል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፣ የዓረብኛው ትርጉምም ጠፍቷል። የቀረው በ1602 በእቴጌ ማርያም ሥና ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ከቋንቋ ቋንቋ ሲገላበጥ የኩብራት ስም ተበላሽቷል። ምሁራን የለዩት በአጎቱ ነው፤ ግዕዙም የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ኒኬፎሮስም አጎቱን ኦርጋና ብለው ይጠሩታል።