«ዳታዬ አለቀ» ስንል ያለቀው ምንድን ነው?

«ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መልእክት ስልካችን ላይ ሲመጣ ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ በርሜል ነው። የሆነ ቦታ ተቀምጧል፤ እኛ ከሱ እየቀዳን ነው፤ አሁን ሊደርቅ ነው። እንዲህ ያለ በርሜል የለም። ስለ ቴሌኮም ከምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች ግን ብዙዎቹ የሚቀዱት ከዚሁ ነው።

«ዳታ እንደ ነዳጅ ነው፤ በተጠቀምን ቁጥር ይቃጠላል»

አይቃጠልም። አብዛኛው የኔትወርክ ወጪ የሚወጣው አንድ ደንበኛ እንኳ ሳይደውል ነው። መሬት ይቆፈራል፣ ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ኬብል) ይቀበራል፣ ማማ ይተከላል፣ የፍሪኩዌንሲ (ስልኩና ማማው የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ) ፈቃድ ይገዛል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊልም ብታወርዱ ኩባንያው ላይ የምትጨምሩት ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ማማው ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም መብራት ይበላል።

ወጪ የሚያመጣው ጭንቅንቁ ነው። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት የአንድ አንቴና አቅም ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ኩባንያው ተጨማሪ አቅም ለመገንባት ይገደዳል። ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩም ይህን በደንብ ያውቁታል። በጅምላ የሚገዙት ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በጊጋባይት ሳይሆን በፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በየ5 ደቂቃው ይለካል። ወሩ ሲያልቅ ከፍተኛዎቹ 5 በመቶ ልኬቶች ይጣሉና ከቀሩት በትልቁ ላይ ሂሳብ ይሠራል።

ታዲያ ለእኛ ለምን በጊጋባይት ይሸጡልናል? ያን ትልቅ የግንባታ ወጪ ለማከፋፈል ስለሚመች ነው። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይክፈል ነው ነገሩ። ማጭበርበር አልለውም። ግን የዋጋ አወጣጥ ምርጫ ነው፤ በሌላ መንገድም ሊሠራ ይችላል። የሌሊት ጥቅል የሚረክሰውም ያኔ ጭንቅንቅ ስለሌለ ነው። ቸርነት እንዳይመስላችሁ።

«ኢንተርኔት የሚመጣው ከሳተላይት ነው»

ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሄደው ዳታ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያልፈው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ኬብል ነው። ኬብሉ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ሲደርስ ውፍረቱ አትክልት ከምናጠጣበት ጎማ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ቶንጋ ላይ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የደሴቶቹን ኬብል ሲበጥሰው፣ ዋናው ደሴት ኬብሉ ተጠግኖ እስኪመለስለት 5 ሳምንት ያህል ጠብቋል። ሳተላይት በመሐል ቢደርስም የኬብሉን ሥራ ተክቶ መሥራት አልቻለም።

ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት ሳተላይቶች ሌላም ችግር አለባቸው፤ ጥያቄያችን ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ይህን መዘግየት ቀርፈውታል። ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ግን አሁንም ፋይበርን አይተኩም።

«100 ሜጋ ገዝቼ 12 ብቻ ነው የሚያወርድልኝ፤ ተበላሁ»

አልተበላችሁም። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። አካፍሉት።

«መንግሥት ፍሪኩዌንሲን በውድ ሲሸጥ ዕዳው የደንበኛው ነው»

ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1959 «ፍሪኩዌንሲ በገበያ ይሸጥ» ሲል የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ነበር። አሜሪካ ጨረታውን የጀመረችው በ1994 ነው። በ2000 ደግሞ ብሪታንያ ለ3ጂ ባወጣችው ጨረታ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰበሰበች።

ያ ሁሉ ገንዘብ በቀጥታ ደንበኛው ላይ ይጫናል? አንዴ የተከፈለ ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም። ኩባንያው ነገ ዋጋ ሲያወጣ የሚያየው ተወዳዳሪው ስንት እንደሚሸጥና ደንበኛው ስንት መክፈል እንደሚችል ነው። ፈቃዱን በነፃ ቢያገኝም ያንኑ ያያል። እርግጥ ከልክ ያለፈ ክፍያ ለግንባታ የሚተርፈውን ገንዘብ ሊያሳንሰው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን መንግሥት ጨረታው እንዲንር ብሎ ፍሪኩዌንሲውን ሲያጓድል ነው። ያኔ ገበያው ውስጥ የሚገባው ኩባንያ ያንሳል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል።

«ዲጂታል ቴሌቪዥን የመጣው ለምስል ጥራት ነው»

ጥራቱ ምርቃት ነው። በአናሎግ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዝ የነበረው የሞገድ ቦታ በዲጂታል ብዙ ጣቢያ ይሸከማል። በዚህ የተረፈው ቦታ፣ በተለይ በ700 እና 800 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለው፣ ለሞባይል ወርቅ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል። አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን የሚያካትተው እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የጄኔቫ ስምምነት ለአብዛኛው የአናሎግ ሥርጭት ማብቂያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015ን ቀነ ገደብ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«ኔትወርክ ከደረሰ ሰው ሁሉ ይገባል»

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሰው ከኢንተርኔት ውጭ ነበር። ሲግናል ጭራሽ የማይደርሳቸው ከነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ማማው አጠገባቸው ቆሞ ስልኩ ይወደድባቸዋል፣ አጠቃቀሙን የሚያሳያቸው የለም፣ ወይም የሚያነቡት ነገር በቋንቋቸው አይገኝም። እነሱ መንደር ሁለተኛ ማማ ቢተከል የሚፈጥነው ቀድሞ የገባው ሰው ቪዲዮ ነው።