የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ፕሮፖዛል ምንድን ነው?

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሶፍትዌር እየሠራሁ እንደምኖር የሰሙ ተመራቂ ተማሪዎች ይደውላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ። «ወንድሜ፣ እባክህ ታይትል ስጠን።»

ታይትል የለኝም እላቸዋለሁ። ሰው ግን አለኝ። የእድር ጸሐፊ አውቃለሁ፣ የበርበሬ ነጋዴ አውቃለሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አውቃለሁ። ከአንዳቸው ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጡ እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ እሺ ብለው ይዘጉና በዚያው ይጠፋሉ። ርዕሱን ካለፈው ዓመት ተመራቂ ያገኙታል። «ዌብ ቤዝድ» ብሎ ይጀምራል፣ «ማኔጅመንት ሲስተም» ብሎ ያልቃል። መሃሉ ላይ ሆቴል ወይም ፋርማሲ ይሞላበታል።

እንግዲህ ፕሮፖዛል ምንድን ነው? ከሥራው በፊት የሚጻፍ ውል ነው። የማን ችግር እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅና ስንት ብር እንደሚፈጅ ይናገራል። የተለመደው ፕሮፖዛል ውል የሚያስረው ተማሪውንና አድቫይዘሩን (አማካሪ መምህሩን) ነው። የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ሲሆን ግን ሦስተኛ ወገን ይገባበታል፤ ሶፍትዌሩ የሚሠራለት ሰው። ዲፌንስ፣ ማለትም ሥራውን በፈታኞች ፊት ማቅረቡ ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። ሦስተኛው ሶፍትዌሩን ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ፕሮፖዛል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው መልስ ይሄ ነው፦ እናንተ ስትመረቁ ይህን ነገር ማን በእጁ ይይዘዋል?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ኢፒክስ የተባለ ፕሮግራም ጀምሯል። የምሕንድስና ተማሪዎች በአካባቢያቸው ላሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ይሠራሉ። ብልሃቱ ቡድኑ ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር አለመፍረሱ ነው። ነባሩ ይወጣል፣ አዲሱ ይተካል፣ ሥራው ይቀጥላል። በእኛም አገር የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ተልእኮ ተብሎ ተቀምጧል። ተመራቂ ፕሮጀክት ግን ብዙ ጊዜ ከተመራቂው ጋር አብሮ ይመረቃል።

አንድ ዓመት አራት ልጆች ከምር ተመልሰው መጡ። ርዕሳቸው የእድር ማኔጅመንት ሲስተም ነበር። ፕሮፖዛላቸው ምንም አይጎድለውም። መነሻ አለው፣ አጠቃላይና ዝርዝር ዓላማ አለው፣ የጊዜ ሰሌዳ አለው። የችግር መግለጫው እንዲህ ይላል፦ «አሁን ያለው አሠራር ማንዋል በመሆኑ ጊዜና ጉልበት ያባክናል፣ ለስህተትም የተጋለጠ ነው።» ይቺን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቃታለሁ። እድርን አውጥታችሁ ፋርማሲ ብታስገቡባት ቅር አይላትም።

ወደ አንድ የእድር ጸሐፊ ይዣቸው ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቡና ቀረበ። አንደኛው ልጅ ማስታወሻውን ከፍቶ «ጋሼ፣ በሥራዎ ላይ የሚቸግርዎት ምንድን ነው?» አላቸው።

«ምንም» አሉ።

ልጆቹ ተያዩ። እውነታቸውን ነው እኮ። ደብተሩ አይቸግራቸውም፤ ስንት ዓመት የኖሩበት ነው። ሰው ችግርህ ምንድን ነው ሲባል ችግሩ አይመጣለትም። የደረሰ ነገር ሲጠየቅ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ሌላዋ ልጅ ጥያቄውን ቀየረችው። «ባለፈው ስብሰባ ምን አጨቃጨቃችሁ?» ስትላቸው ወንበራቸውን አስጠጉ።

አንድ አባል የሁለት ወር መዋጮ ከፍያለሁ ይላል። ደብተሩ አልከፈለም ይላል። ለካ ገንዘብ ያዡ ሳይኖሩ ብሩን የተቀበለው ልጃቸው ነው። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ለተዝካር ወጥቶ ሲመለስ ሦስት ጭልፋ ጎደለ። ማን እንደወሰደው የተጻፈ ነገር የለም። ቀብር ያልተገኘ ይቀጣል፤ ግን የታመመውና የቀረው በአንድ ላይ ተጽፎ አኳረፈ። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ።

ልጆቹ ደግሞ የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። ሰው ሲሞት ለአባላቱ በሞባይል መልእክት የሚልክ ክፍል አስበዋል። ጸሐፊው ሰምተው ሳቁ። «ጡሩምባውን ተዉት ልጆቼ። እሱ ባትሪ አይጨርስም» አሉ።

ያን ቀን ማታ የችግር መግለጫው ተቀየረ። መዋጮ በሁለት ሰው እጅ እንደሚገባና ደረሰኝ እንደሌለው ጻፉ። ዕቃ የወሳጁ ስም ሳይመዘገብ እንደሚወጣ ጻፉ። በዚህ የተነሳ በየስብሰባው ክርክር እንደሚነሳ ጻፉ። ይኼኛው መግለጫ ውስጥ ፋርማሲ ማስገባት አይቻልም። መፍትሔውም ከራሱ ከመግለጫው ይታያል። ጥሩ የችግር መግለጫ ምልክቱ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ያልጠየቀውን ሠርቶ መስጠት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙ ልጆች የሚዘሉት ክፍል ነው። ሶፍትዌሩ የሚያርፍበትን እጅና ስልክ ማወቅ። የእድሩ ጸሐፊ ስማርት ስልክ አላቸው፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ የያዙት ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ለአባሉ የሚደርሰው ነገር አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሆናል ማለት ነው። አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ከገባ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ስልኩ ላይ ማሳየቱ አይቸግርም። የሚቸግረው በበጀት ገጹ ላይ ነው። «ውድ የእድራችን አባል እንደምን ሰነበቱ» ብሎ የሚጀምር መልእክት ሰላምታውን ሳይጨርስ የቦታውን ሲሶ ይበላል። ሁለት መልእክት ሲሆን ደግሞ የሁለት ይከፈላል።

ቀኑም አለ። ይህ እድር የሚሰበሰበው ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል ዕለት ነው። ልጆቹ ማስታወሻውን በፈረንጅ ቀን «በየወሩ 22» ብለው ሞሉት። መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22 ሲውል ትክክል መሰላቸው። ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ላይ ይወርዳል። የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19 ነው። ስብሰባው አልፎ በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ስብሰባ አለ» የሚል ሶፍትዌር ማን ይታገሠዋል? ጳጉሜንማ ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንዴ 5 ቀን፣ አንዳንዴ 6። ሰዓቱም እንደዚያው። ጸሐፊው ጠዋት 2 ሰዓት ሲሉ ስልኩ 8 ይላል። ፕሮፖዛሉ ላይ «ሲስተሙ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ይሠራል» የሚል አንድ መስመር ካልሰፈረ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ልጅ በለመደው ይሄዳል።

ስምም አለ። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፤ እኛ ጋ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። የባሰው ግን ፊደሉ ነው። ኃይሌ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ሀይሌ ብላችሁ ብትፈልጉት ኮምፒውተሩ የለም ይላችኋል። ሐይሌና ሃይሌም አሉ። ፀሐይና ጸሀይን ተዉአቸው። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ከመፈለጉ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መሰብሰብ አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የአንድ ቀን ነው። ያልታሰበ እንደሆነ ግን አንድ አባል ሁለቴ ተመዝግቦ ሁለቴ ይቀጣል።

ኔትወርክን በአንድ ቃል ልለፈው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተቋረጠውን የሞባይል ኢንተርኔት የምናስታውስ ሰዎች «ኦንላይን ብቻ» የሚል ፕሮፖዛል ሲመጣልን አንፈርምም። ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። በቃ።

ስፋቱን መወሰን ሌላው ፈተና ነው። ልጆቹ መዋጮውንም፣ ዕቃውንም፣ ቅጣቱንም፣ ብድሩንም፣ በቴሌብር መክፈሉንም በአንድ ዓመት ሊጨርሱ አስበው ነበር። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። የቅኔ ተማሪ ከመወድስ አይጀምርም። በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ በሁለት ቤት። ሁለቷን ቤት ዘርፎ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ ነው ወደሚቀጥለው የሚሻገረው። ፕሮፖዛልም ጉባኤ ቃናው የቱ እንደሆነ መለየት አለበት። ለዚህ እድር መዋጮውና የዕቃ መዝገቡ ነበሩ። ብድሩ «በዚህ ፕሮጀክት የማይሸፈን» በሚለው ሥር ገባ። ልጆቹ ይህን ክፍል እንደ ሽንፈት አዩት። እኔ ግን የምወደው ገጽ እሱ ነው፤ ተማሪው ማሰቡ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሌላ ምን ይሠራል ለምትሉ፣ ጎጃም ውስጥ ሐሳብ ሞልቷል። መራዊ አካባቢ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። እዚያ ውሃ በተራ ይደርሳል፤ የማን ተራ መቼ ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በባህላዊው መስኖ ደግሞ ተራውን የሚይዙት የውሃ አባት ናቸው። እሳቸውን ሳያማክር የውሃ ተራ ሶፍትዌር የሚጽፍ ልጅ ጠብ ነው የሚጽፈው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ የበርበሬ ዋጋ አለ። እንጅባራ በኩል የድንች ዘር አለ።

ግን አስቀድማችሁ ያለውን እዩ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. 8028 የሚባል የስልክ መስመር ከፍቶ ነበር። ገበሬው ይደውላል፣ ቁጥር እየተጫነ የግብርና ምክር በቋንቋው ይሰማል። ማንበብም ስማርት ስልክም አያስፈልግም። ጤና ጥበቃም ለመረጃው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ በብዙ አገር የሚሠራበት ሶፍትዌር ይጠቀማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፖርት የምታደርግበት መንገድ አላት ማለት ነው። የእናንተ ሶፍትዌር ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ እንድትሞላ ካደረጋት ሥራ ጨመራችሁባት እንጂ አላገዛችኋትም።

ሰዎች የማይወዱት አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ የሰው መረጃ። የእድር መዝገብ ውስጥ ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የጎረቤትን ዕዳ አራት ተማሪዎች ላፕቶፕ ላይ ይዞ መዞር ነውር ነው። ሙከራውን በተፈጠረ ስም ሥሩ። እውነተኛው መዝገብ ከጸሐፊው እጅ አይውጣ። ይህም ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ።

የመጨረሻውን ረቂቅ ይዘን ወደ ጸሐፊው ተመለስን። ልጆቹ በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርገው አሳጥረውት ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲው የሚገባው በእንግሊዝኛ ሆኖ ለብቻው አለ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት የፊደል ስህተት አረሙ። ከዚያ «ማን በእጁ ይይዘዋል» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«ደብተሬን ግን አልጥልም።»

ልጆቹ ደንገጥ አሉ። እሷ ግን እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀብላ አንድ መስመር ጨመረችበት። ሶፍትዌሩ ወር በገባ በ12 የዚያን ወር መዝገብ በአንድ ገጽ ያትማል፤ ገጹ ደብተሩ ላይ ይለጠፋል። ጸሐፊው አንብበው ፈረሙ። ቀኑን ደግሞ በኢትዮጵያ ጻፉት።