በኤሊፕቲካል ላይ «ርቀት» ምንድን ነው?

«ሳሎኔ ውስጥ በ30 ደቂቃ 8 ኪሎ ሜትር ሄድኩ» የሚል ሰው ሐዋሳ ላይ በዝቷል። ኤሊፕቲካላቸውን፣ ማለትም ቆመው ፔዳሎቹን በሞላላ ዙር የሚረግጡበትን የስፖርት ማሽን፣ ልጠግን ስሄድ ስክሪኑን እያሳዩ ነው የሚነግሩኝ። 8 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ማለት በሰዓት 16 ነው። በዚህ ፍጥነት የቀጠለ ሰው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ ያውም ድራማ እያየ!

ማሽኑ የሚያውቀው ዙር ብቻ ነው። ከሚዞረው አካል ላይ የተለጠፈች ትንሽ ማግኔት በሴንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ይቆጠራል፤ ስክሪኑ ያንን ፋብሪካው በሰጠው ቋሚ ቁጥር አባዝቶ «ኪ.ሜ.» ይላል። በደቂቃ 60 ዙር ብትረግጡ በ30 ደቂቃ 1,800 ዙር ነው። 8 ኪሎ ሜትር እንዲሞላ አንዱ ዙር ከ4.4 ሜትር በላይ መሆን አለበት። የማን እግር ነው እንዲህ የሚዘረጋው?

ይህን ሁሉም ይጠረጥራል። እኔን የሚያበሽቀኝ «ስክሪኑን ተወው፣ እርምጃህን በሜትር ለክተህ አባዛው፣ ትክክለኛው ርቀት ይወጣል» የሚለው መካሪ ነው። እሺ፣ እንለካ። ፔዳሉ የሚዞርበት ሞላላ ርዝመቱ 45፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በዙር ሁለት እርምጃ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ብንል 1.62 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የሞላላውን ዙሪያ ብንይዝ ደግሞ 106 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 1.9 ኪሎ ሜትር። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? ሒሳቡ በሁለቱም አልተሳሳተም፤ የሚለካ ርቀት ነው የሌለው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የታሰረበትን የባጃጅ ጎማ በክሪክ አንስታችሁ አዙሩት። ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ባጃጁ ከጋራዥ አልወጣም። ጎማውን በሌላ ቁጥር ብትቀይሩት ስሌቱ ይዛባል። መንገድ ላይም ቢሆን ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ይውጣ፣ ባዶውን ይውረድ፣ ለቆጣሪው አንድ ነው። ኤሊፕቲካልም ጫናውን 2 ላይ አድርጎ የሚያንሸራሽረውንና 12 ላይ የሚያለከልከውን፣ ዙራቸው እኩል ከሆነ፣ እኩል «ኪሎ ሜትር» ይሰጣቸዋል። በክሪክ የተነሳው ባጃጅም ቢሆን ግን ሞተሩ ከሠራ ቤንዚን ይጨርሳል፤ ላባችሁን ማንም አልካደም።

(ትሬድሚል፣ የመሮጫው ማሽን፣ ሌላ ነው። ምንጣፉ ከእግር ስር በእርግጥ ይሄዳል፤ ርዝመቱ በዙሩ ሲባዛ ትርጉም አለው።)

ለውጣችሁን ለማየት ደቂቃውን፣ የጫናውን ደረጃ፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደረገጣችሁና የልብ ምታችሁን ጻፉ፤ ያም በአንድ ማሽን ላይ። የጎረቤት 8 እና የእናንተ 8 አንድ አይደሉም። የራሳችሁም 8 ቢሆን ጫና የሚፈጥረውን ሌላውን ማግኔት ወደ ፍላይዊሉ (ውስጥ ወደሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) የሚያስጠጋው ኬብል እየላላ ሲሄድ ሳታውቁት ይቀላል። ኪሎ ሜትሩ ድንገት በግማሽ ከወረደ ደግሞ ጉልበቴ አለቀ ከማለታችሁ በፊት ባትሪውንና ሴንሰሩን እዩ፤ ዙር የምታስቆጥረው ትንሿ ማግኔት ከሴንሰሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከራቀች ዙር መዝለል ትጀምራለች።