በሰሜን ሸዋ የኖራ ድንጋይ ውሃ ጥልቀት እንዴት በካርታ ይወጣል?

የሰሜን ሸዋ ደጋ ላዩ ባዛልት ነው። የጀማ ወንዝ ሸርሽሮ ባወረደው ገደል ግን ከባዛልቱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ ጀሶ ያዘለው የጎሐ ጽዮን ንብርብር ይታያሉ። ኖራው በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው። ይህ ኖራ «አንታሎ» የሚለውን ስም ያገኘው በእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ (1868 እ.ኤ.አ.) አብሮ የመጣው የሥነ ምድር ባለሙያ ብላንፎርድ ትግራይ ላይ ካጠናው ድንጋይ ነው። ጀማን ወርዶ ያየ ባለሙያ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል።

ገደላማ አገር ላይ ከመሬት ወደ ታች የተለካ ጥልቀት ብቻውን ያሳስታል፤ ካርታው ከባሕር ወለል በላይ ባለ ከፍታ ይሠራ። አፉ 1,850 ሜትር ላይ ያለ ጉድጓድ ኖራውን 60 ሜትር ላይ ቢያገኝ፣ የኖራው ራስ (የላይኛው ገጹ) 1,790 ነው። የእጅ ጂፒኤስ ከፍታን 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ስለሚችል ቁጥሩን የመሬት ከፍታ ከሚያሳይ ቶፖ ካርታ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በቁፋሮ ጊዜ ናሙና በየ2 ሜትሩ ይያዛል፤ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲንጠባጠብበት ኖራ ወዲያው ይፈላል። ስንጥቁን ካልሳይት (የኖራ ማዕድን) የሞላው ባዛልትም ስለሚፈላ ቀለሙ ይታይ። ከላይ የተናደ ፍርፋሪ ሲቀላቀልም የኖራው ራስ ከእውነተኛው በታች ያለ ይመስላል።

ጉድጓድ በሌለበት የኤሌክትሪክ ልኬት ይካሄዳል፤ ወደ መሬት ኤሌክትሪክ ተልኮ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚከለክለው ይለካል። ለ100 ሜትር ጥልቀት ኬብሉ ከመሐል ወደ እያንዳንዱ ወገን 300 ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ ተዳፋት ላይ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ነው የሚዘረጋው። በበጋ ኤሌክትሮዱ (መሬት ላይ የሚተከለው ብረት) ሥር የጨው ውሃ ካልፈሰሰ ንባቡ ይዘላል። ደረቅ ኖራና ያልተሰነጠቀ ባዛልት ሁለቱም ኤሌክትሪክን አጥብቀው ስለሚከለክሉ፣ አጠገቡ ካለ ጉድጓድ መዝገብ ጋር ያልተነጻጸረ ልኬት አይታመንም።

የኖራው ራስና የውሃው ወለል አንድ አይደሉም። ገደል ጫፍ ላይ ኖራው ውሃውን ከታች ወደሚፈልቁት ምንጮች ስለሚያፈስ ጉድጓዱ ደረቅ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የምንጮቹም ከፍታ ካርታው ላይ ይሰፍራል። የደጋው ባዛልት ውሃ ወደ ኖራው ይሰርጋል የሚሉ አሉ፤ ስንጥቅ ባለበት ያስኬዳል።

ቁፋሮው ጀሶው ጋ ሳይደርስ ይቁም። ካለፈ ውሃው ከጀሶው በሚሟሟ ሰልፌት ይመርራል፤ መፍትሔው የታችኛውን ክፍል በሲሚንቶ መድፈን ነው።